የሚላላ ስፌት፦ ናፖሊ ውስጥ ከኮት ሰፊዎች የተማርኩት

የመጀመሪያው ቀን ፈተናዬ የሱሪ መቀመጫ መግጠም ነበር። ሁለት የተቆረጡ የሱፍ ጨርቆች ሰጡኝና ጥግ ላይ ወዳለችው የስፌት መኪና አመለከቱኝ። መርካቶ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ስረግጣት ያደግኩት ዓይነት ሲንጀር ስለነበረች ልቤ ሞላ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቀጥ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድም ቦታ ያልዘለለ ስፌት አስረከብኩ። ማስትሮው፣ ማለትም የስፌት ቤቱ ባለቤትና ዋና ሰፊ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጨርቁን በሁለት እጃቸው ያዙና ድንገት ወጠሩት። ክሩ ጠሽ ብሎ ተበጠሰ። «ደንበኛችን ምሳ በልቶ ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል» አሉ። ከዚያ ያንኑ ቦታ በእጃቸው፣ በሐር ክር፣ መርፌዋን ወደ ኋላ እየመለሱ ሰፉትና «በል አሁን አንተ ወጥረው» አሉኝ። ወጠርኩት። ክሩ ከጨርቁ ጋር ተለጠጠ፤ ስለቀው ተመልሶ ቦታውን ያዘ።

አጎቴ ያሳደገኝ «ጥሩ ስፌት ማለት ጥፍር የማያስገባ ነው» እያለ ነበር። ናፖሊ ያሳለፍኳቸው አምስት ዓመታት የሄዱት ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመርሳት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በእጅ የተሰፋ የጣሊያን ኮት ያን ያህል ገንዘብ የሚከፈልበት ስፌቱ ስለሚያምር ይመስለኝ ነበር። የሚከፈልበት ስለሚላላ ነው። ሱፍ ይተነፍሳል፣ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ክሩ በሁለቱ መሀል ሆኖ ሁለቱንም ማስተናገድ አለበት። የስፌት መኪና ይህን ማድረግ አይችልም ባይባልም የሚችለው በጥቂቱ ነው።

አዲስ አበባ ስመላለስ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይጠይቁኛል። አንዱ ጣሊያን ሄዶ ሙያውን መማር የሚፈልግ ወጣት ሰፊ ነው። ሌላው ሮም ወይም ሚላኖ የሚኖር፣ ለሠርጉ «አንድ ደህና ሙሉ ልብስ» ሊያሰፋ ያሰበና ገንዘቡን እንዳይበሉት የሚፈራ ሙሽራ ነው። ይህን የምጽፈው ለሁለቱም ነው።

በመጀመሪያ ግን «የጣሊያን ስፌት» የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጄናሮ ሩቢናቺ የሚባል የናፖሊ ሰው «ለንደን ሀውስ» የተሰኘ ቤት ከፈተ። ስሙ ራሱ የዘመኑን ምኞት ይናገራል፤ የከተማው ባለጸጋ እንደ እንግሊዝ ጌታ መልበስ ያምረው ነበር። የእንግሊዙ ኮት ግን ለብርድና ለዝናብ የተሠራ፣ ትከሻው የተሞላ፣ ደረቱ እንደ ጥሩር የደነደነ ነው። በዚያ ቤት ጨርቅ ይቆርጥ የነበረው ቪንቼንዞ አቶሊኒ ያንን ኮት ከውስጥ አራገፈው፤ የትከሻውን ስፖንጅ አወጣ፣ ገበሩን ቀነሰ፣ የውስጡን ሸራ አሳሳ። ዛሬ የናፖሊ ኮት የሚባለው እንደ ሸሚዝ የሚቀል ልብስ ሥሩ እዚያ ነው። ሮም በሌላ መንገድ ሄደች። በ1945 የተመሠረተው ብሪዮኒ የሚባለው የሮም ስፌት ቤት ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ወገቡ የጠራ ኮት ይሠራ ነበር፤ በ1952 ፍሎረንስ ፒቲ ቤተ መንግሥት ውስጥ ወንዶችን አሰልፎ ልብሱን በማሳየቱም ስሙ ገነነ። ስለዚህ ሙሽራው «የጣሊያን ሙሉ ልብስ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛውን እንደሆነ ነው። ትከሻው ጠበብ ያለና ዘንበል ያለ ሰው የናፖሊውን ለብሶ በመስታወት ሲያይ ሊከፋ ይችላል።

እኔ የሠራሁበት ቤት ከቪያ ቶሌዶ ወደ ላይ በሚወጡት፣ የስፓኛውያን ሰፈር በሚባሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በሩ ላይ ምልክት የለም። ደንበኛ የሚመጣው ሌላ ደንበኛ ነግሮት ነው። ውስጡ አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ መስኮት ሥር የተደረደሩ ዝቅ ያሉ ወንበሮች፣ ሁለት ከባድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉ የካርቶን ልኮች። ወንበሮቹ ዝቅ ያሉት ጉልበት ከፍ ብሎ የሚሰፋውን ኮት እንዲሸከም ነው። ኮቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳይሆን ጭን ላይ ተጎዝጉዞ ይሰፋል፤ ሰው የሚለብሰውን ነገር የሰው ቅርጽ ያለው ነገር ላይ አስቀምጦ እንደመስፋት ነው።

ደንበኛ ሲመጣ ማስትሮው ሜትር አያነሡም። ከታች ካለው ቡና ቤት ቡና ያስመጣሉ። ናፖሊ ውስጥ ደህና የለበሰ ሁሉ «ዶቶሬ» ነው፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ተመረቅህ የሚለው የለም። «ዶቶሬ፣ መኪናዎን የት አቆሙ?» ይሉታል። ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞሮ በእጁ ሲያሳይ፣ ማስትሮው የቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ማለቱን፣ አንገቱ ወደፊት መውጣቱን፣ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደሚጥል አይተው ጨርሰዋል። ሜትር ሲወጣ ሰው ሁሉ ወታደር ይሆናል፤ ሆዱን ያስገባል፣ ደረቱን ይነፋል። ያን ጊዜ የሚወሰደው ልክ ትክክለኛ ቁጥር ያለው ውሸት ነው። እኔ ደብተር ይዤ ቁጥሮቹን እመዘግብ ነበር፤ ከቁጥሮቹ ይልቅ ግን ማስትሮው በናፖሊ ቋንቋ በሹክሹክታ የሚነግሩኝ ነገር ይበልጥ ነበር፦ «ቀኝ አንድ ጣት ዝቅ»፣ «ጀርባው ጎበጥ»፣ «ሲስቅ ሆዱ ይወጣል»።

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል ማለት ይቻላል። እርጥብ የጥጥ አንሶላ ተደርቦበት በካውያ ይጫናል፤ የሚኮማተር ከሆነ ገና ጥቅል እያለ ይኮማተር ነው ነገሩ። የውስጡ ሸራም ውሃ ውስጥ ከርሞ በገመድ ላይ ይደርቃል። ይህን እርምጃ ዘልሎ ኮት የሚሰፋ ቤት የመጀመሪያው ዝናብ ያጋልጠዋል።

ከዚያ ማስትሮው በጠመኔ ጨርቁ ላይ ይስላሉ፣ በረጅም መቀስ ይቆርጣሉ። ጨርቁ እጥፍ ሆኖ ስለሚቆረጥ የጠመኔው መስመር የሚታየው በላይኛው ብቻ ነው። ወደታችኛው የሚሸጋገርበት መንገድ ዓይኔን የከፈተልኝ የመጀመሪያው ነገር ነበር። ድርብ ነጭ የጥጥ ክር በረጅም መርፌ ይዘን መስመሩን ተከትለን በሁለቱም ጨርቆች ውስጥ እናሳልፋለን፤ በየስፌቱ መሀል ግን ክሩን ሳንስብ ጣት የሚያስገባ ቀለበት እንተዋለን። መስመሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሁለቱን ጨርቆች ቀስ ብለን እናላቅቃቸዋለን፤ በመሀላቸው እንደ ድልድይ የተወጠሩት ክሮች ሲታዩ በመቀስ ጫፍ አንድ በአንድ እንቆርጣቸዋለን። በሁለቱም ጨርቆች ላይ የቀሩት ነጫጭ ቁራጮች አዲስ የበቀለ ጤፍ ይመስላሉ። በግራና በቀኝ አንድ ሚሊ ሜትር አይበላለጡም። መጀመሪያ የዚህ ሥራ ዓላማ ስላልገባኝ ክሩን ሁሉ ጠበቅ አድርጌ ስቤው ነበር፤ ጨርቆቹን ሳላቅቃቸው አብሮ ተነቅሎ ወጣ። የሚላላውን ማላላት ያስፈልጋል፤ ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ ተምሬዋለሁ።

አሁን ስለ ሸራው ልናገር፤ የዋጋው ግማሽ ያለው እዚህ ነው፤ ደንበኛው ግን በሕይወቱ አያየውም። በኮቱ ውጪኛ ጨርቅና በገበሩ መሀል ከትከሻ እስከ ወገብ፣ በደህናው ኮት ደግሞ እስከታች፣ የሚወርድ ሸራ አለ። ደረት ላይ የሚደረበው ድሩ ጥጥ፣ ማጉ የፈረስ ጭራ ነው። ጭራው ወደ ጎን ስለተኛ ሸራው ወደታች እንደ ነጠላ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ሲታጠፍ ግን እንደ ስፕሪንግ ተመልሶ ይቆማል። ደረትን ደረት የሚያስመስለው ይህ ነው።

ይህ ሸራ ከኮሌታው ጋር የሚያያዝበት ስፌት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ወስዶብኛል። ደረት ላይ የሚታጠፈውን ኮሌታ ግራ አመልካች ጣቴ ላይ እጠቀልለዋለሁ፤ ሸራው ወደ እኔ፣ ጨርቁ ወደ ጣቴ። መርፌዋ ሸራውን አልፋ ከሱፉ አንዲት ፈትል ብቻ ነክሳ ትመለሳለች። ብዙ ከነከሰች ፊት ለፊት እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ነጥብ ነጥብ ይታያል፤ ካልነከሰች ሸራውና ጨርቁ ሳይተዋወቁ ይቀራሉ። መርፌዋ ጣቴን ስትነካኝ ነው ልኩ መድረሱን የማውቀው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የጣቴ ጫፍ ደድሮ ስሜት እስኪያጣ ድረስ ቆስሏል። ረድፉ አልቆ ጣቴን ሳወጣው ኮሌታው እንደተጠቀለለ ይቀራል። ካውያ ያላጎበጠውን ካውያ አያቃናውም። አንድ ቀን በአንድ ኮሌታ ላይ ያሉትን ስፌቶች መቁጠር ጀምሬ ከ600 በላይ ስደርስ ተውኩት። ሁሉም ላላ ያሉ ናቸው። አንዱን ብጠብቀው ጨርቁ እዚያ ቦታ ላይ ይጨማደዳል፤ ማስትሮውም ሳያዩ፣ መዳፋቸውን አሳልፈው ብቻ ያገኙታል።

ርካሹ ኮት ውስጥ ግን ሸራው በሙጫና በሙቀት ይለጠፋል። ሲገዛ አይታወቅም፤ እንዲያውም ሱቅ ውስጥ ሲንጠለጠል ከእኛው ይልቅ ቀጥ ብሎ የሚቆመው እሱ ነው። ላውንደሪ ደጋግሞ ሲገባ ሙጫው ይለቅና ደረቱ ላይ ውሃ እንደቋጠረ ቃጠሎ ያብጣል። ያን ጊዜ ሐኪም የለውም። ልትገዙ ስትሄዱ የታችኛው የቁልፍ ቀዳዳ አጠገብ የፊቱን ጨርቅ በአንድ እጅ፣ የጀርባውን በሌላ እጅ ቆንጥጣችሁ በቀስታ ለያዩት። መሀል ላይ ሦስተኛ ነገር ሲንሸራተት ከተሰማችሁ ሸራው በስፌት ነው የተያዘው። ሁለት ብቻ ከሆኑና ፊተኛው ካርቶን ካርቶን ካለ ሙጫ ነው፤ «በእጅ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍበትም።

የመጀመሪያው ልክ ማያ ቀን ለአዲስ ደንበኛ ድንጋጤ ነው። ኮቱ ኪስ የለውም፣ ገበር የለውም፣ አንዳንዴ እጅጌው አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉም ነገር በነጭ ክር ላላ ተደርጎ ተያይዟል። ማስትሮው በመርፌ ቁልፍና በጠመኔ ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ከዚያ እጅጌውን ይዘው ቀጨም አድርገው ይስቡታል። ቀጥሎም ትከሻውን ይፈቱታል። የ40 ሰዓት ሥራ የተበላሸ የመሰለው ስንት ደንበኛ «ምን አጠፋሁ?» እንዳለ! ነጩ ክር የተሰፋው እንዲፈታ ነው። ደንበኛው ከሄደ በኋላ ኮቱ ሙሉ በሙሉ ይፈታል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በካውያ ጠፍጣፋ ይደረጋል፣ በአዲሱ ምልክት እንደገና ይቆረጣል። ሁለተኛ ልክ ማያ አለ፤ አስቸጋሪ ትከሻ ከሆነ ሦስተኛም። «አንዴ ብቻ ሞክረህ ትወስዳለህ» የሚል ሰፊ ወይ ነቢይ ነው ወይ የሚሸጥልህ ከመጀመሪያውም የተሰፋ ልብስ ነው።

ከፈጸምኳቸው ጥፋቶች ሁሉ የሚያሳፍረኝ ሁለተኛው ዓመት ላይ የሠራሁት ነው። የአንድ ኮት ጎንና ጀርባ መጋጠሚያ ላይ ውስጥ የተተወው ትርፍ ጨርቅ ከሦስት ጣት በላይ ነበር። በመርካቶ ዓይን ይህ ዝርክርክነት ነው፤ እኛ ግማሽ ጣት ትተን ጠርዙን በመኪና ዘምዝመን እንጨርሳለን። ማንም ሳያዘኝ፣ ሙያዬን ላሳይ ብዬ፣ ሁሉንም አስተካክዬ ከረከምኩት። ማስትሮው ሲያዩት አልጮሁም፤ ቁራጮቹን ከወለል አንሥተው አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «ይህ ሰው 38 ዓመቱ ነው፤ እነዚህ አርባዎቹና ሃምሳዎቹ ነበሩ» አሉኝ። በእጅ የሚሠራ ኮት ባለቤቱ እንደሚወፍር አስቀድሞ ያውቃል። ትርፉ ውስጥ ተጣጥፎ ይጠብቃል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ስፌቱ ተፈትቶ የኮቱ ወርድ ይጨመራል። ማስትሮው ዋጋውን በገንዘብ ሳያስከፍሉኝ ጎኑን በአዲስ ጨርቅ በእሑዶቼ አስሰፉኝ።

በዚህ አጋጣሚ ለሙሽሮች አንድ ምክር። ሠርጋችሁ ከፋሲካ በኋላ ከሆነና ልካችሁን በሁዳዴ ከሰጣችሁ፣ ለሰፊው ንገሩት። ጣሊያናዊው የ55 ቀን ጾም ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። አንድ ሚላኖ የሚኖር ወገኔ በጾሙ መጨረሻ ሳምንት ሱሪው ልክ ሆኖለት ወስዶ፣ በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ቁልፉን ሊቆልፈው ያልቻለው የዶሮ ወጡ ጥፋት ብቻ አይደለም። ደግነቱ ውስጡ ትርፍ ነበረው።

እጅጌው የናፖሊ ፊርማ ነው። የብብቱ ቀዳዳ ጠባብና ወደ ላይ የወጣ ሆኖ ይቆረጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ኮቱ የሚያንቅ ይመስለዋል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ክንድ ሲነሣ ኮቱ ሁሉ አብሮ ይነሣል፣ ኮሌታው ከአንገት ይለቃል። ቀዳዳው ብብት ሥር ከገባ ክንዱ ለብቻው ይሄዳል፤ ለአውቶቡስ እጃችሁን ስታነሡ ኮታችሁ ባለበት ይቀራል። ጥበቡ ያለው እጅጌው ከሚገባበት ቀዳዳ በብዙ ሴንቲ ሜትር እንዲሰፋ ሆኖ መቆረጡ ላይ ነው። ያ ሁሉ ትርፍ በመርፌና በአውራ ጣት እየተገፋ፣ እየተሰበሰበ፣ እየላላ ወደ ትንሹ ቀዳዳ ይገባል። ትከሻው ጫፍ ላይ እንደ ሸሚዝ ስስ ሽብሽቦች ይቀራሉ። ፋብሪካ ይህን ጉድለት ይለዋል። እኔም እስኪለምድብኝ ድረስ ጉድለት ይመስለኝ ነበር።

ቁልፍና ቀዳዳውን በአጭሩ ልለፈው። የቁልፍ ቀዳዳዎቻችንን የምትሠራው እቤቷ የምትሠራ አንዲት እናት ነበረች፤ ኮቶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ሱሪዎቹም ሌላ ሰፈር ላለ የሱሪ ሰው ይላካሉ። ናፖሊ ውስጥ አንድ ሙሉ ልብስ ብዙ ጊዜ የአንድ ቤት ሥራ አይደለም። ክሩ ሐር ነው፣ በሰም ይታሻል፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ክር ይተኛለትና ቀዳዳው እንደ ከንፈር ከፍ ይላል። እሷ በምታወራልኝ ጨዋታ መሀል ጨርሳ ታስረክበኛለች፤ እኔ አንዱን ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ እሱም ቢሆን ለሰው የሚታይ አይደለም። ልብ ብላችሁ ካያችሁ የብዙ የናፖሊ ኮት ሦስተኛ የላይ ቁልፍ ቀዳዳ ከኮሌታው እጥፋት ጋር ተጠቅልሎ ጀርባው ነው ወደ ፊት የሚታየው። አይቆለፍም፤ ለመቆለፍም አልተሠራም።

ስለ ጨርቅ የማነሣው ነጋዴዎች በቁጥር ስለሚያሳስቱ ነው። «ሱፐር 150»፣ «ሱፐር 180» የሚለው የሱፉን ፈትል ቅጥነት እንጂ ጥንካሬውን አይናገርም። ሱፐር 100 ማለት ፈትሉ ከ18.75 ማይክሮን የማይወፍር፣ ሱፐር 150 ደግሞ ከ16.25 የማይወፍር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጨርቁ ይለሰልሳል፤ አብሮም ይሳሳል፣ ቶሎ ይጨማደዳል፣ መቀመጫውና ክርኑ ቶሎ ያበራል። ቢሮ ለብሶ የሚውል ሰው ሱፐር 100 ወይም 110፣ በሜትር 280 ወይም 300 ግራም አካባቢ የሚመዝን ይያዝ። ለአዲስ አበባ ጠዋትና ማታ ይህ ክብደት ደህና ነው። የጨርቁ ጠርዝ ላይ የሚጻፈው የፋብሪካ ስም፣ ብዙ ጊዜ ከሰሜን ጣሊያኑ ቢዬላ አካባቢ የሚመጣው፣ ጨርቁን እንጂ ስፌቱን አይመሰክርም። ዜኛ ከሚባለው ስመ ጥር የቢዬላ ፋብሪካ ጨርቅ የተሰፋ መጥፎ ኮት ብዙ አይቻለሁ።

ዋጋውን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። በእኔ ጊዜ የኛ ዓይነቱ ስም የለሽ ቤት ሙሉ ልብስ ከ2000 ዩሮ በላይ ያስከፍል ነበር፤ ኪያያ በሚባለው ሀብታም ሰፈር ያሉት ስመ ጥሮቹ እጥፉንና ከዚያም በላይ። «ሱ ሚዙራ» የሚባለው ከዚህ ይረክሳል፤ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የፋብሪካውን ዝግጁ ልክ በእናንተ ቁጥር አስተካክሎ ማሰፋት ማለት ነው። መጥፎ አይደለም፤ ለብዙ ሰው ይበቃል። መጥፎ የሚሆነው በአንዱ ስም ሌላው ሲሸጥላችሁ ነው። «ስንት ጊዜ ልክ አያለሁ? በነጭ ክር የተያያዘውን አያለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ራሱ ይለየዋል። ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፣ ለሱሪ ልክ ማያ የሠርጉን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ስልካችሁም ሁልጊዜ በምትይዙበት ኪስ ውስጥ ይሁን።

አሁን ለሰፊዎቹ። የመጀመሪያው እንቅፋት ጣት ላይ የሚጠለቀው ብረት ነው። መርካቶ ያለሱ ነው የሰፋነው። የናፖሊው ጫፉ ክፍት ነው፤ መርፌ የሚገፋው በመሀል ጣት ጎን ነው። ማስትሮው መሀል ጣቴን አጥፈው በጨርቅ ቅዳጅ አሰሩልኝ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው እንዲህ ታስረው ነው የተማሩት። ለሁለት ሳምንት ያለ ጨርቅ፣ ያለ ክር፣ መርፌ ብቻ ስገፋ ዋልኩ። 27 ዓመቴ ነበር፤ አዲስ አበባ ሦስት ልጆች ቀጥሬ የማሠራ ሰው ነበርኩ። ይህን ውርደት የማይችል ሰው ቢቀር ይሻላል፤ ጎበዝ የመኪና ሰፊ መሆን መጀመሪያ ላይ ከመጥቀሙ ይልቅ ይጎዳል። እጅ ያወቀውን ቶሎ አይተውም።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። እዚህ ቤት ከመግባቴ በፊት ሌላ ቦታ አራት ወር ያለ ደመወዝና ያለ ውል ሠርቻለሁ። «እየተማርክ ነው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሙያ በነፃ የሚሰጡኝ መስሎኝ አመሰግን ነበር። የተማርኩት ወለል መጥረግና ቁልፍ መትከል ነው። የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ስል እጄ ላይ የሚታይ ምንም ነገር አልነበረም። በጣሊያን ሕግ «አፕሬንዲስታቶ» የሚባል የተለማማጅ ውል አለ፤ በመደበኛው እስከ 29 ዓመት ድረስ ላሉ ወጣቶች የሚሆን፣ ደመወዝና ዋስትና ያለው ነው። ከዚህ ዕድሜ በታች ከሆናችሁ በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። ስሙን ማወቃችሁ ብቻ አነጋገራቸውን ይለውጠዋል። ትልልቆቹ ቤቶች የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፍተዋል፤ ብሪዮኒ አብሩዞ ውስጥ ፔኔ በምትባል ከተማ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለው፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኪቶንም ናፖሊ አጠገብ አርዛኖ ውስጥ አለው። እዚያ ሥርዓት አለ፤ ግን ብዙ ጊዜ አንድን ነገር አሳምሮ መሥራት ነው የሚለመደው። እንደኔ ሙሉ ኮት መስፋት የሚፈልግ ሰው ትንሽ ቤት ይሻለዋል። ትንሾቹ ቤቶች እጅ አጥተዋል፤ የማስትሮው ሁለት ወንዶች ልጆች አንዱ የሒሳብ ባለሙያ ነው፣ ሌላው ቦሎኛ ሄዶ ኮምፒውተር ይሠራል። በር ከማንኳኳታችሁ በፊት ግን ጣሊያንኛ ተማሩ። የጀመርኩት «ካልሲ»፣ «ጓንት»፣ «ቦርሳ» በሚሉት ቃላት ነው፤ ከእነሱ የወረስናቸው መሆኑን ያወቅኩት ስናገራቸው ሲስቁ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን መማር የግድ ነው፤ ስፌት በምልክት ቋንቋ አይማሩትም።

ባለፈው ዓመት ለአጎቴ ግራጫ ኮት ሰፍቼ ወሰድኩለት። ከኮሌታው እስከ እጅጌው አንድም ቦታ መኪና አልነካውም፤ ሁለት ወር ማታ ማታ ሠርቼበታለሁ። ሰፊ ነውና ከመልበሱ በፊት ገለበጠው። የገበሩን ጠርዝ በጥፍሩ ፈተሸ፣ የተተወውን ትርፍ ጨርቅ አይቶ ፊቱን አጨማደደ፣ ኮሌታውን ጠቅልሎ ለቀቀው፣ እንደገና ጠቅልሎ ለቀቀው። ዝም ብሎ ለበሰው። ክንዱን አነሣ፤ ኮቱ አልተነሣም። ለጥቂት ጊዜ እጁን ከፍና ዝቅ እያደረገ መስታወቱ ፊት ቆመና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጄ፣ እንዲያው ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ረስተሃል» አለኝ።

ተከራከርኩት። ስለ አቶሊኒ፣ ስለ ናፖሊ ሙቀት፣ ስለ ሽብሽቦቹ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝና ሱቁ ውስጥ ካለው መሳቢያ ሁለት ስስ ስፖንጆች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። በማግስቱ ትከሻውን ፈትቼ አስገባሁለት። ቀስ ብዬ፣ በላላ ስፌት።